የካሜራ ባትሪ እንዴት ይመረጣል፣ እንዴትስ ቻርጅ ይደረጋል?

የእህቴ ልጅ መራመድ የጀመረች ቀን ካሜራዬ አጠገቤ ነበር። ሶፋውን ለቀቀች፣ ቆመች፣ አንድ እርምጃ፣ ሁለት እርምጃ። ካሜራውን ከፈትኩት። ሌንሱ ወጣ፣ ስክሪኑ ብልጭ አለ፣ ከዚያ ድርግም። ድንጋዮቹ ግን ሌሊቱን ሙሉ ቻርጀር ላይ ያደሩ ነበሩ! በንዴት አውጥቼ ወረወርኳቸው፣ ሌላ አራት ገዛሁ፣ እነሱም ጥቂት ወር ሳይቆዩ እንደ መጀመሪያዎቹ ሆኑ። ለሦስተኛ ጊዜ ከመግዛቴ በፊት ነው ቆም ብዬ ማንበብና መሞከር የጀመርኩት። ድንጋዮቹ ምንም አልበደሉም ነበር። ይገድላቸው የነበረው ቻርጀሩ ነው።

ይህን የምጽፈው ለዚህ ነው። ባትሪ ስንገዛ ላዩ ላይ የተጻፈውን ቁጥር እናወዳድራለን፣ ቻርጀሩን ግን ያገኘነውን እናነሳለን። እኔ ግን ገንዘብ ካጠራችሁ ከባትሪው ላይ ቀንሱና ጥሩ ቻርጀር ግዙ እላለሁ። ጥሩ ቻርጀር መካከለኛ ባትሪን ለዓመታት ያኖራል፣ መጥፎ ቻርጀር ደግሞ ምርጡን ባትሪ በጥቂት ወራት ይጨርሰዋል።

መጀመሪያ የባትሪውን ክዳን ክፈቱ

ሌላ ነገር ከማሰባችሁ በፊት የካሜራችሁ ሆድ ውስጥ ምን እንደሚገባ እዩ። ወይ ለሪሞት የምንጠቀምበት ዓይነት ደብል ኤ ድንጋይ ነው፣ ወይ ደግሞ ለዚያ ካሜራ ብቻ የተሠራ ጠፍጣፋ ሊትየም አዮን ባትሪ ነው። ደብል ኤ የሚበሉት በአብዛኛው ቆየት ያሉ ትንንሽ ካሜራዎች ናቸው። ከላይ የሚገጠሙት ትልልቅ ፍላሾችም ብዙዎቹ እስከ ዛሬ በአራት ድንጋይ ነው የሚሠሩት። ስለዚህ ካሜራችሁ ሊትየም ቢሆንም የድንጋዩን ክፍል አትዝለሉት፣ ፍላሽ የገዛችሁ ቀን ያስፈልጋችኋል።

ሁለቱ ባትሪዎች ጠባያቸው የተለያየ ነው። ለአንዱ የሚበጀው ሌላውን ሊጎዳው ይችላል። ስለ ባትሪ ከሚወራው የተሳሳተ ነገር አብዛኛው የሚመጣው ይህን ካለመለየት ነው። «ሙልጭ አድርጋችሁ ሳትጨርሱ ቻርጅ አታድርጉ» የሚለውን ምክር ሁላችንም ሰምተነዋል አይደል? ምክሩ ለድሮው ኒኬል ካድሚየም የተባለ ነበር። ያ ባትሪ በግማሽ እያለ ደጋግመው ከሞሉት አቅሙ የሚያጥርበት ሁኔታ ስላለ ነው። ካድሚየም መርዛማ ብረት ስለሆነ ዛሬ ከተራ ዕቃ ውስጥ ወጥቷል ማለት ይቻላል፣ ምክሩ ግን ባትሪው ከሄደ በኋላም ቀርቷል። ሊትየም ላይ ስትሠሩበት ደግሞ ጭራሽ ጉዳት ነው።

ድንጋዩ፦ 1.2 ቮልት ለምን ከ1.5 ይበልጣል?

ካሜራ ላይ ተራ አልካላይን ድንጋይ ከትታችሁ ሃያ ፎቶ ሳትጨርሱ «ባትሪ አልቋል» ብሏችሁ ያውቃል? ያንኑ ድንጋይ አውጥታችሁ የግድግዳ ሰዓት ላይ ብትከቱት ለወራት ይሠራል። ድንጋዩ አላለቀም። ችግሩ ካሜራ በአንድ ጊዜ ብዙ ኤሌክትሪክ መጠየቁ ነው። የሌንሱ ሞተር አለ፣ ስክሪኑ አለ፣ ፍላሹን መሙላት አለ። አልካላይን ውስጡ ያለው ሬዚስታንስ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን የሚያግደው ነገር፣ ከፍ ያለ ስለሆነ በአንዴ ብዙ ሲጠየቅ ቮልቱ ይወርዳል፣ ካሜራውም ወርዶ ሲያየው አለቀ ብሎ ይዘጋል።

ለካሜራ የሚሆነው ቻርጅ የሚደረግ ድንጋይ ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ነው። ላዩ ላይ 1.2 ቮልት የሚል ታያላችሁ። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይደነግጣል፣ «ካሜራዬ 1.5 ነው የሚፈልገው» ይላል። አትስጉ። አልካላይን 1.5 የሆነው ገና ሲጀምር ነው፣ ሥራ ላይ ሲውል ቶሎ ቁልቁል ይሄዳል። ኒኬሉ ግን እዚያው 1.2 አካባቢ ተረጋግቶ ይቆያልና ወደ መጨረሻው ሲደርስ ብቻ ይወድቃል። ለካሜራ የሚያስፈልገው ደግሞ ይህ መረጋጋት ነው። በነገራችን ላይ አንዳንድ ካሜራዎች ሜኑ ውስጥ የባትሪ ዓይነት መምረጫ አላቸው። ካለ ትክክለኛውን ምረጡ፣ ካለበለዚያ ካሜራው ገና ብዙ የቀረውን ድንጋይ አልቋል ብሎ ይነግራችኋል።

ከኒኬሎቹ መሀል ደግሞ ሁለት ዓይነት አሉ። ተራው ቁጭ ባለበት ይፈሳል። ቻርጅ አድርጋችሁ ለአንድ ወር መሳቢያ ውስጥ ብትተዉት ከያዘው ላይ ጥሩ ድርሻ አጥቶ ታገኙታላችሁ። ሙቀት ሲኖር ይብስበታል። ሁለተኛው ዓይነት ቻርጁን ይዞ የሚቆየው ነው። ይህን ዓይነት በሰፊው ያስተዋወቀው የሳንዮ ኤነሉፕ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2005። ዛሬ ኤነሉፕ በፓናሶኒክ ስም ይሸጣል፣ ሌሎች አምራቾችም ተመሳሳዩን ይሠራሉ። ካርቶኑ ላይ «አስቀድሞ ቻርጅ የተደረገ» ወይም «ለመጠቀም ዝግጁ» የሚል ከሆነ ብዙውን ጊዜ ይህኛው ነው። ይህ ዓይነት ከዓመት በኋላም አብዛኛውን ቻርጁን እንደያዘ ይገኛል። በየቀኑ ፎቶ ለማያነሳ ሰው ሌላ ምርጫ አያስፈልገውም፣ ይህን ግዙ።

አሁን ወደ ቁጥሩ። ድንጋዩ ላይ 2000፣ 2500 ምናምን የሚል ታያላችሁ፣ ሚሊ አምፔር ሰዓት ነው። ምን ያህል እንደሚይዝ ይነግራችኋል። ትልቁን ማንሳት ያጓጓል፣ ግን ተጨማሪው አቅም በነፃ አይመጣም። ያው አንዱ አምራች 2000 አካባቢ የሚይዘውን ተራውን ኤነሉፕ እስከ 2100 ጊዜ ቻርጅ ይደረጋል ሲል፣ 2500 አካባቢ የሚይዘውን ፕሮ የሚባለውን ግን 500 ጊዜ ብቻ ይላል። ልዩነቱን አያችሁት? ብዙ ለማስገባት ሲባል ውስጡ ያሉት ንጣፎች ይሳሳሉና ዕድሜው ያጥራል። እኔ ለካሜራ ሁልጊዜ 2000ውን ነው የምይዘው። ለፍላሽ፣ ያውም መሀል ላይ ድንጋይ ለመቀየር ፋታ የማይሰጥ ሥራ ካለ፣ 2500ው ይገባኛል።

ከዚያ በላይ ግን ተጠንቀቁ። የደብል ኤ ኒኬል ድንጋይ እውነተኛ አቅም 2700፣ 2800 አካባቢ ላይ ያበቃል። 3000፣ 3600፣ ከዚያም በላይ ተጽፎበት ካያችሁ ሐሰት ነው፣ ሌላ ምርመራ አያስፈልገውም። ሚዛን ካላችሁ ደግሞ መዝኑት። ደህና ድንጋይ ከ26 እስከ 30 ግራም ይመዝናል። 15 ወይም 18 ግራም የሚመዝን ከሆነ ውስጡ ባዶ ቦታ አለ ማለት ነው። ብረቱ በሌለበት አቅም ከየት ይመጣል?

አንድ አደገኛ ነገር አለ፣ እባካችሁ ይህን በደንብ አንብቡት። ልክ ደብል ኤ የሚያህል ሊትየም አዮን ባትሪ ይሸጣል፣ 14500 የሚል ቁጥር አለው። ቁመቱም ውፍረቱም አንድ ነው፣ ካሜራ ውስጥ ልክክ ብሎ ይገባል። ቮልቱ ግን 3.7 ነው። ሁለት ድንጋይ የሚወስድ ካሜራ 3 ቮልት አካባቢ ሲጠብቅ ከ7 ቮልት በላይ ትሰጡታላችሁ። ካሜራው ሊቃጠል ይችላል። ድንጋይ ስትገዙ ቮልቱን ሳታነቡ አትክፈሉ።

ሌላው በቅርብ የመጣው ዓይነት ሊትየም ሆኖ ውስጡ በተሠራ ትንሽ ሰርኪት ቮልቱን ወደ 1.5 አውርዶ የሚሰጠው ነው፣ አንዳንዱ ራሱ ላይ የዩኤስቢ ቀዳዳ አለው። ይሠራል። ግን እስከ መጨረሻዋ ሰከንድ 1.5 እየሰጠ ቆይቶ በድንገት ነው የሚቆመው፣ ስለዚህ ካሜራው «ሊያልቅ ነው» ብሎ ሊያስጠነቅቃችሁ አይችልም። በኒኬል ቻርጀርም አይሞላም፣ የራሱ አሞላል አለው። ለካሜራ እኔ አልመርጠውም። ቻርጅ የማይደረገው ሊትየም ድንጋይ ደግሞ ሌላ ነው። ቀላል ነው፣ ብርድ ይችላል፣ ለክፉ ቀን ቦርሳ ውስጥ ቢቀመጥ ጥሩ ነው። ቻርጀር ላይ ግን በጭራሽ እንዳታስገቡት።

ቻርጀሩ ምን እንደሚሠራ

ኒኬል ድንጋይ ሞልቶ ሲያልቅ የሚሰጠው ምልክት አለ። ቻርጅ ሲደረግ ቮልቱ እየወጣ ይሄድና ሲሞላ ጫፍ ላይ ይደርሳል፣ ከዚያ በጥቂት ሚሊቮልት ዝቅ ይላል። በዚያው ቅጽበት ሙቀቱም መጨመር ይጀምራል፣ ምክንያቱም ከዚያ በኋላ የሚገባው ኤሌክትሪክ የሚቀመጥበት ስለሌለው ወደ ሙቀት ነው የሚቀየረው። ብልህ ቻርጀር የሚባለው ያችን ትንሽ ዝቅታ ወይም የሙቀቱን ጭማሪ አይቶ የሚያቆመው ነው። የኔ የመጀመሪያው ቻርጀር ይህን አያይም ነበር። ድንጋዮቹ ከእኩለ ሌሊት በፊት ሞልተው እስከ ጠዋት ሲቀቀሉ ያድሩ ነበር።

ሲገዙ የሚታየው ዋናው ነገር እያንዳንዱን ድንጋይ ለብቻው ይሞላል ወይስ ሁለት ሁለቱን አንድ ላይ የሚለው ነው። ለመለየት ቀላል ነው። አራት ድንጋይ የሚይዝ ቻርጀር አራት መብራት ካለው፣ አንድ ወይም ሦስት ድንጋይ ብቻም ብታስገቡ የሚሠራ ከሆነ፣ ለየብቻ ነው። ሁለት መብራት ብቻ ካለውና «ሁለት ወይም አራት አስገቡ» ካለ ጥንድ ጥንዱን ነው የሚያየው። ጥንዱን የሚያይ ቻርጀር አንዱ ድንጋይ ሞልቶ ሌላው ገና ሲሆን መለየት አይችልም። ወይ የሞላው ይቃጠላል፣ ወይ ያልሞላው እንደጎደለ ይወጣል። ቀጥሎ ያለው ደግሞ በሰዓት ብቻ የሚያቆም ቻርጀር ነው፣ ድንጋዩ ግማሽ ሞልቶ ቢገባም ባዶ ቢገባም ያንኑ ያህል ሰዓት ይሰጠዋል። ምንም ሳያቆም ዝም ብሎ የሚቀጥለው የባሰ ነው።

ከዚያ ፍጥነቱ። 2000 ለሚይዝ ድንጋይ በየድንጋዩ ከ500 እስከ 1000 ሚሊ አምፔር የሚሰጥ ቻርጀር ጥሩ ነው። ለምን እዚህ መሀል ላይ? በጣም ዝግ ካለ ያቺ ሲሞላ የምትታየው ዝቅታ በደንብ አትታይም፣ ቻርጀሩም ሊስታት ይችላል። በጣም ከፈጠነ ደግሞ ይግላል። በ15 ደቂቃ፣ በግማሽ ሰዓት ይሞላል የሚባለውን ለአስቸኳይ ካልሆነ አትልመዱት። ዝግ ያለው፣ ማለትም 200 ሚሊ አምፔር የሚሰጠውና ከ14 እስከ 16 ሰዓት የሚፈጀው፣ በራሱ ጉዳት የለውም፤ ጉዳቱ ሳትነቅሉት ሁለት ሦስት ቀን ስትረሱት ነው።

ሰዓቱን ራሳችሁ ልታሰሉት ትችላላችሁ። የድንጋዩን አቅም ቻርጀሩ በሚሰጠው ታካፍላላችሁ፣ ለብክነቱ ትንሽ ትጨምራላችሁ። 2000ን ለ500 ስታካፍሉ 4 ሰዓት፣ ከብክነቱ ጋር 5 ሰዓት ገደማ። ባዶ የገባ ድንጋይ በአንድ ሰዓት «ሞላሁ» ካላችሁ አትመኑት። ወይ አርጅቷል፣ ወይ ለረጅም ጊዜ ስለተቀመጠ ቻርጀሩ ተሳስቶ ነው። አውጥታችሁ እንደገና አስገቡት። ከዚያ በኋላም እንዲሁ ከሆነ ድንጋዩን ተጠራጠሩ።

ሲሞላ ለብ ማለቱ ጤናማ ነው። እጅ የማያስይዝ ሙቀት ግን ጤናማ አይደለም፣ ንቀሉት። አልጋ ላይ፣ ጨርቅ ሥር፣ ፀሐይ የሚመታው መስኮት ላይ ቻርጅ አታድርጉ። ፍላሽ ውስጥ በጥድፊያ ሲሠራ ቆይቶ ግሎ የወጣ ድንጋይም ወዲያው ቻርጀር ውስጥ አይገባም፣ መጀመሪያ ይብረድ።

ድንጋዮችን ቤተሰብ አድርጓቸው

ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፣ ግን ከሁሉም በላይ ለውጥ ያመጣልኝ እሱ ነው። አብረው የተገዙ ድንጋዮች አብረው ይግቡ፣ አብረው ይውጡ፣ አብረው ቻርጅ ይደረጉ። በማይለቅ እስክሪብቶ አራቱ ላይ «ሀ»፣ ሌሎቹ አራት ላይ «ለ» ብላችሁ ጻፉ፣ የተገዙበትን ወርና ዓመትም ጨምሩበት።

ምክንያቱ ይህ ነው። ድንጋዮቹ በተርታ ተያይዘው ነው የሚሠሩት። ከአራቱ አንዱ አሮጌ ወይም በግማሽ የሞላ ከሆነ ቀድሞ ያልቃል። ሌሎቹ ሦስቱ ግን አላለቁም፣ ካሜራውም መጠየቁን አላቆመም፣ ስለዚህ በባዶው ድንጋይ ውስጥ ኤሌክትሪክ በግድ ያሳልፋሉ። ያ ደካማ ድንጋይ ፖላሪቲው ይገለበጣል፣ አዎንታዊው አሉታዊ ይሆናል። አንድ ጊዜ እንዲህ የሆነ ድንጋይ ብዙውን ጊዜ ወደ ቀድሞ አቅሙ አይመለስም። አዲስና አሮጌ፣ ወይም የሁለት አምራች ድንጋይ መቀላቀል ማለት ደካማውን አስቀድሞ መግደል ማለት ነው። ፍላሹ ለመሙላት ቀርፈፍ ማለት ሲጀምር ሙልጭ እስኪል አትጠብቁ፣ ያኔውኑ ቀይሩ።

አዲስ ተራ ኒኬል ድንጋይ ገና ከካርቶኑ ሲወጣ ሙሉ አቅሙን ላይሰጥ ይችላል። ሦስት አራት ጊዜ ሞልቶ ከተሠራበት በኋላ ነው የሚነቃው፣ ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን አትፍረዱበት። ረጅም ጊዜ የተኛ ድንጋይም እንደዚሁ ነው። ቻርጀራችሁ የማደስ ሞድ ካለው፣ ማለትም አፍስሶ እንደገና የሚሞላው፣ በዓመት አንድ ሁለቴ ብትጠቀሙበት በቂ ነው። በየጊዜው ማፍሰስ ግን አያስፈልግም።

ሊትየም አዮን

እዚህ ቻርጅ ማድረጉ ይቀላል፣ መምረጡ ይከብዳል።

ባትሪው ላይ ያለውን ኮድ ፊደል በፊደል አንብቡ። አንድ ቅርጽ ሆነው ትውልዳቸው የሚለያይ አሉ። የካኖን ኤልፒ-ኢ6 ለምሳሌ 1800 ሚሊ አምፔር ሰዓት ነበር፣ ኤን የተጨመረበት 1865 ሆነ፣ ኤንኤች የተጨመረበት 2130። ቅርጹ አልተቀየረም። የኒኮን ኢኤን-ኢኤል15 ደግሞ ቢ እና ሲ የሚል ፊደል ያለባቸው ዜድ ተከታታይ ካሜራ ውስጥ እንዳሉ በዩኤስቢ ይሞላሉ፣ የመጀመሪያው ግን ካሜራው ውስጥ ቢሠራም በዩኤስቢ አይሞላም። ሁለተኛ እጅ ካሜራ ስትገዙ አብሮት የመጣው ባትሪ የትኛው ትውልድ እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል። ሰው ገመዱ ተበላሽቷል ብሎ ገመድ ሲቀያይር አይቻለሁ። ሶኒም ከኤንፒ-ኤፍደብልዩ50 ወደ ኤንፒ-ኤፍዜድ100 ሲሸጋገር ከ1020 ወደ 2280 ነው የዘለለው፣ እዚህ ግን ቅርጹም ስለተለየ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም።

ኦሪጅናል ወይስ የሌላ አምራች? ሁሉም የሚጠይቀኝ ጥያቄ ነው። ቢያንስ አንዱ ኦሪጅናል ይሁን እላለሁ። መጠባበቂያው ስም ካለው ሌላ አምራች ቢሆን ግድ የለም፣ እኔም እንደዚያ ነው የማደርገው። ግን ከኦሪጅናሉ እጅግ የሚበልጥ አቅም የተጻፈበትን አትንኩ። ባንድ ዓይነት ሳጥን ውስጥ ካኖን ወይም ሶኒ ያልቻሉትን ያህል አቅም በርካሽ የሚጨምር የለም። ሌላው መታየት ያለበት ባትሪው ከካሜራው ጋር መነጋገሩ ነው። ዘመናዊ ባትሪ ውስጥ ምን ያህል እንደቀረ የሚናገር ቺፕ አለ። ቺፑ ደካማ ከሆነ ቆጣሪው 60 በመቶ ብሎ ሁለት ፎቶ በኋላ 5 በመቶ ይላል፣ ወይም ካሜራው «የማላውቀው ባትሪ ነው» ይላል፣ ወይም በኦሪጅናሉ ቻርጀር አይሞላም። የካሜራ ሶፍትዌር ሲታደስም ትናንት ሲሠራ የነበረው ባትሪ ዛሬ እምቢ ሊል ይችላል። ስለዚህ አዲስ ባትሪ እንደገዛችሁ ሞክሩት፣ ሙሉ አድርጋችሁ እስኪያልቅ አንዴ ሥሩበት። ለሥራ በወጣችሁበት ቀን አይሁን የመጀመሪያ ሙከራው።

ካሜራው ሲገዛ «ይህን ያህል ፎቶ ያነሳል» የሚለው ቁጥር የሚለካው ሲፓ በሚባለው የጃፓን የካሜራ አምራቾች ማኅበር መለኪያ ነው። በዚያ መለኪያ ፍላሽ ያለው ካሜራ ግማሹን ፎቶ በፍላሽ ያነሳል፣ በፎቶና በፎቶ መሀልም ይጠበቃል። ስለዚህ በተከታታይ የምትተኩሱ ከሆነ ከቁጥሩ በላይ ታነሳላችሁ። ቪዲዮ የምትቀርጹ ከሆነ ግን ያ ቁጥር ምንም አይነግራችሁም፣ ቪዲዮ ባትሪ በላተኛ ነው።

አሞላሉ እንዲህ ነው። ቻርጀሩ መጀመሪያ በሙሉ ኃይል ይሞላል፣ ባትሪው ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ሴል 4.2 ቮልት አካባቢ ሲደርስ ቮልቱን እዚያ ይዞ ኤሌክትሪኩን እየቀነሰ ይሄዳል። ለዚህ ነው አብዛኛው ቶሎ ሞልቶ የመጨረሻዋ ትንሽ የምትጎተተው። ከቸኮላችሁ መብራቱ አረንጓዴ እስኪሆን መጠበቅ የለባችሁም። በግማሽ መንቀልም፣ በግማሽ መሰካትም አይጎዳውም። የሚጎዱት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ሙቀት፣ ሙሉ ሆኖ ለወራት መቀመጥ፣ ባዶ ሆኖ ለወራት መቀመጥ። የመጨረሻው ከሁሉም የከፋ ነው። ባዶው ባትሪ ቁጭ ባለበት ትንሽ ትንሽ እየፈሰሰ ከአደጋ መስመር በታች ይወርዳል፣ ከዚያ ቻርጀሩ አልቀበልም ይላል። እምቢ ያለን ሊትየም በሽቦ ወይም በሌላ ዘዴ በግድ ለማስነሳት አትሞክሩ። ቻርጀሩ እምቢ ያለው ለእናንተ ደህንነት ነው።

ካሜራውን ለአንድ ወርና ከዚያ በላይ የማትነኩት ከሆነ ባትሪውን አውጡት፣ ግማሽ ገደማ ሞልቶ ቀዝቀዝ ያለ ደረቅ ቦታ ይቀመጥ። ካሜራው ተዘግቶም ትንሽ ይበላል፣ ብሉቱዝ ወይም ጂፒኤስ ክፍት ከተተወ ደግሞ ብዙ ይበላል። «ሙሉ አድርጌ አስቀምጬው ባዶ ሆኖ አገኘሁት» ከሚሉት ሰዎች ግማሹ ችግራቸው ይህ ይመስለኛል።

በዩኤስቢ ስለመሙላት። ምቹ ነው፣ በተለይ ጉዞ ላይ። ግን ብዙ ካሜራ የሚሞላው ሲዘጋ ነው፣ አንዳንዱ ደግሞ ፓወር ዴሊቨሪ የሚባለውን የዩኤስቢ ፈጣን አሞላል የማይደግፍ ቻርጀር ወይም ፓወር ባንክ ብትሰኩበት ዝም ይላል። የካሜራውን መመሪያ እዩ። እኔ ግን ሁለት ባትሪ የሚይዝ የውጭ ቻርጀር ይሻለኛል፣ ባትሪው ሲሞላ ካሜራው ከእጄ አይወጣም። እንዲህ ዓይነቱን ከደካማ የስልክ ቻርጀር ጋር ካገናኛችሁት ግን ያችን ትንሽ ኤሌክትሪክ ለሁለት ስለሚያካፍል ሌሊቱን ሙሉ ይፈጅባችኋል።

ብርድ ላይ ሁሉም ባትሪ ይደክማል። አለቀ ብሎ የተዘጋው ባትሪ ኪስ ውስጥ ሲሞቅ ጥቂት ተጨማሪ ፎቶ ይሰጣል። መጠባበቂያውን ከውስጥ ኪስ፣ ከሰውነታችሁ ጋር ያዙት። ከዜሮ ዲግሪ በታች ግን ሊትየም ባትሪ ቻርጅ አይደረግም፣ ውስጡ ሊትየም እንደ ብረት ይለጠፍና ለዘለቄታው ይጎዳል። ከብርድ ስትገቡ መጀመሪያ የክፍሉን ሙቀት ያግኝ።

ያበጠ ባትሪ ካያችሁ እዚያው አቁሙ። ከካሜራው ለመውጣት መጣበቅ የመጀመሪያው ምልክት ነው። አትውጉት፣ አትጫኑት፣ ቻርጅ አታድርጉት። ከሚቃጠል ነገር አርቃችሁ አስቀምጡትና ያገለገለ ባትሪ ወደሚሰበሰብበት ቦታ ውሰዱት፣ ብረቶቹ ላይ ፕላስተር ለጥፉበት።

ቦርሳ ውስጥ

ባትሪን ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር ኪስ ውስጥ አትክተቱ። ብረት ጫፎቹን ካገናኛቸው ሾርት ይሆንና ይግላል፣ ሊያቃጥልም ይችላል። ትንሽ የፕላስቲክ መያዣ ይበቃል። የሞላውንና ያለቀውን ለመለየትም አንድ ሕግ ይኑራችሁ። እኔ የሞላውን ድንጋይ ጫፉን ወደ ላይ፣ ያለቀውን ወደ ታች አድርጌ ነው የምከተው። የካኖን ኤልፒ-ኢ6 ክዳን ላይ ያለችው ቀዳዳም ለዚሁ ናት፣ ክዳኑን በአንድ በኩል ስትገጥሙት ከሥሩ ሰማያዊው ይታያል፣ በሌላ በኩል ስታዞሩት ይሸፈናል። ሰማያዊው የሞላ እንዲሆን ታስቦ ነው።

በአውሮፕላን ስትሄዱ ትርፍ ሊትየም ባትሪ የሚያዘው በእጅ ሻንጣ ብቻ ነው፣ ወደ ዕቃ ክፍል በሚገባው ሻንጣ አይላክም። ያለ ልዩ ፈቃድ የሚያዘው ከ100 ዋት ሰዓት የማይበልጥ ነው። ይህን ለማወቅ ቮልቱን በአምፔር ሰዓት አባዙት፦ የሶኒው ኤንፒ-ኤፍዜድ100 ለምሳሌ 7.2 ቮልት ሲባዛ በ2.28 አምፔር ሰዓት (ያው 2280 ሚሊ አምፔር ሰዓት ነው) ወደ 16.4 ዋት ሰዓት ይመጣል። የካሜራ ባትሪ ከገደቡ በጣም ያነሰ ነው፣ ብቻ ጫፎቹ ይሸፈኑ።

ካሜራው ሙሉ ባትሪ ከትታችሁ አልነሳም ቢል፣ ባትሪ ከመግዛታችሁ በፊት ጫፎቹን እዩ። የጣት ቅባትና ዝገት ብዙ ባትሪ ያለ ጥፋቱ አስጥሏል። ደረቅ ንጹህ ጨርቅ ያዙና የባትሪውንም፣ የካሜራውንም፣ የቻርጀሩንም ጫፍ ጥረጉ። ካልለቀቀ ጨርቁ ላይ ጥቂት አልኮል አድርጉና ጠርጋችሁ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ጠብቁ። ድንጋዩን ከዚያ በኋላ አስገቡት።